ቤት ለልጆች ማስተላለፍ፦ ኑዛዜ፣ ስጦታ ወይስ ለሕጉ መተው?

መዝገብ_ቤት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ውርስ የሚነሱ ጥያቄዎች እዚህም እዚያም ተበታትነዋልና አንድ ቦታ እናድርጋቸው። የምጽፈው ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ነው። ውርስና ኑዛዜ ዛሬም የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ ከቁጥር 826 ጀምሮ ያለውን ማየት ነው። የባልና ሚስት ንብረት ደግሞ በቤተሰብ ሕግ ይታያል፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ አዋጅ 213/1992 ነው፣ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል።

ከኑዛዜው በፊት መታወቅ ያለበት «የእኔ» የሚባለው ስንት ነው የሚለው ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግል ነው የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። አባት 8 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ የጋራ ቤት ቢኖረው ሊናዘዝ የሚችለው 4 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። ሌላው 4 ሚሊዮን የእናት ነው፣ እሱም ውርስ ሳይሆን የራሷ ድርሻ ነው። አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ደግሞ የእሱ 4 ሚሊዮን ለልጆቹ እኩል ይከፈላል፤ 4 ልጆች ካሉ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን። ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼ ነው፦ በሕጋችን ሚስት ወይም ባል ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። ሚስት ከባሏ ግማሽ ላይ እንድታገኝ ከተፈለገ በኑዛዜ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ የሚቀራት የጋራ ንብረት ድርሻዋና ችግር ካለባት ከውርሱ ቀለብ መጠየቅ ነው።

የኑዛዜ ዓይነት ሦስት ነው።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል፣ ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ።

በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ፦ ምስክር አይፈልግም። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። ራሱ ተናዛዡ በኮምፒዩተር ከጻፈው በየገጹ ይህንኑ በእጁ ጽፎ መግለጽ አለበት። ዋናው ወጥመድ ደግሞ ጊዜው ነው፦ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

የቃል ኑዛዜ፦ ሞት ቀርቧል ብሎ የሚያስብ ሰው ለ2 ምስክሮች የሚናገረው ነው። በዚህ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ያልበለጡ ስጦታዎችን ብቻ ማዘዝ ይቻላል። በ500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ተናዛዡ ተርፎ 3 ወር ካለፈውም ይቀራል። ስለዚህ አልጋ ላይ ሆነው «ቤቱ ለእገሌ ይሁን» ያሉት ቃል ቤት አያስተላልፍም።

---

ጀማሪ_ጠያቂ

እናመሰግናለን መዝገብ ቤት። በግልጽ የሚደረገው ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት የቱ ጋ ነው? 4 ምስክር ፈርሞ እንኳ ፈረሰ ሲባል እንሰማለንና።

---

የሰፈር_ጠበቃ

ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። 4 ሰው መፈረሙ ብቻ አይበቃም። ኑዛዜው በተናዛዡና በ4ቱም ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ ይኸም መፈጸሙ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ሕጉ በቁጥር 881 ይህንን የግድ ይላል፤ ሰበር ሰሚ ችሎቱም ይህ ያልተጻፈበትን ኑዛዜ ፈራሽ አድርጓል። ምስክሮች ችሎት ቀርበው «አዎ ተነቧል» ቢሉ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን አይሞላም።

ስለዚህ መዝጊያው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ይህ ኑዛዜ በዛሬው ዕለት ___ ቀን ___ ዓ.ም. እኔ ተናዛዡና ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተነበበ መሆኑን፣ ሁላችንም ሰምተን ወዲያውኑ የፈረምን መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ከዚያ የተናዛዡ ፊርማ፣ የእያንዳንዱ ምስክር ሙሉ ስም እስከ አያት፣ አድራሻና ፊርማ። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ፣ በፍርድ ያልተከለከሉ፣ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰሙ ይሁኑ። አንዱ «ነገ መጥቼ እፈርማለሁ» ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው፣ ባሉ ወይም ሚስቱ ምስክር አይሁኑ። ስርዝ ድልዝ ካለ ገጹን እንደገና መጻፍ ነው፤ አይሆንም ከተባለ ከጎኑ ሁሉም ይፈርሙ።

ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄደው የሚያደርጉት ለዚህም ነው፤ ቅጂውም እዚያ ይቀራል፣ ጠፋ የሚል ነገር አይመጣም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ባልና ሚስት ተቃቅፈው በአንድ ወረቀት «እኛ ባልና ሚስት ተናዘናል» ብለው የሚጽፉት ፈራሽ ነው። ኑዛዜ የአንድ ሰው ነው። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ንባብ፣ ሁለት ጊዜ ፊርማ። ምስክሮቹ እነዚያው ቢሆኑ ችግር የለውም።

---

ሰላማዊት_ከአያት

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ በሕይወት እያሉ ቤቱን በስጦታ ለልጅ ማስተላለፍ አይቀልም? እኛ ሰፈር ብዙ ሰው እንደዚያ እያደረገ ነው።

---

የሰፈር_ጠበቃ

እህቴ፣ ለአንዳንዱ ይቀላል፣ ለብዙው ግን ውድ ነው። ሦስት ነገር ይታሰብበት።

የመጀመሪያው ሊዙ ነው። በአዋጅ 721/2004 መሠረት በነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት በተያዘ መሬት) ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን በሊዝ ይይዛል። ሽያጭም ስጦታም እዚህ ውስጥ ናቸው። ውርስ ግን ይዞታውን ነባር አድርጎ ያቆየዋል። ካርታው ነባር ይዞታ የሚል ከሆነ ዛሬ በስጦታ ያስተላለፈ አባት ለልጁ ከቤቱ ጋር የሊዝ ክፍያ አብሮ እየሰጠው ነው። መጀመሪያውኑ በሊዝ የተያዘ ቦታ ከሆነ ይህ ጉዳይ አይነሳም። ወደ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ አሁን የሚሠሩበትን አሠራር መጠየቅ ከፊርማ በፊት ነው፣ ከፊርማ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛው ፎርሙ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ካልተደረገ ፈራሽ ነው (ቁጥር 2443)። ከኑዛዜው ጣጣ እሸሻለሁ ያለ ሰው እዚያው ጣጣ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ቤቱ የጋራ ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ባለትዳሮች ስምምነት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ኑዛዜ በማንኛውም ጊዜ ይሻራል፣ ስጦታ ግን በቀላሉ አይመለስም። ልጁ ቢከስር ቤቱ በልጁ ዕዳ ሊያዝ ይችላል፤ ወላጆቹ እዚያው ውስጥ እየኖሩ ማለቴ ነው።

---

መዝገብ_ቤት

ጠበቃው ያለው ላይ አንድ ልጨምር፣ በትንሹም ልለይ። ስጦታ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ልጆቹ ከሁለት እናት ከሆኑና ጠቡ አሁኑኑ የሚታይ ከሆነ አንዱን ወገን በሕይወት እያሉ መስጠት ውርሱን ያቀላል። ግን ወላጅ እስኪሞት ድረስ በቤቱ የመኖር መብቱ በውሉ ይጻፍ፤ ሳይጻፍ በልጅ ቸርነት ላይ መቅረት ነው።

---

ሰላማዊት_ከአያት

ገባኝ። ታዲያ አንዱን ልጅ ምንም አልሰጠውም ማለት ይቻላል? ወይስ ስሙን ዝም ብሎ መዝለል ይበቃል?

---

የሰፈር_ጠበቃ

መዝለል አይበቃም። ለሌላ ሰው ሁሉንም ተናዘዙ ማለት ልጁን ከውርስ ነቀሉ ማለት አይደለም፤ የተዘለለው ልጅ ከኑዛዜ ተጠቃሚው ጋር አብሮ ወደ ውርሱ ይገባል። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ኑዛዜው በግልጽ «ነቅዬዋለሁ» ማለትና ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ምክንያት ያልተጻፈበት መንቀል ውጤት የለውም። ሕጉ የተጻፈውን እውነት ነው ብሎ ይገምታል፤ ዳኛው የሚያየው ምክንያቱ ለመንቀል የሚበቃ መሆኑን ነው። «ስላላስደሰተኝ» ብለው የጻፉ ተናዛዦች አሉ፤ ያ አይበቃም። «በዚህ ዓመት ደብድቦኛል፣ በፖሊስ ተመዝግቧል» የሚል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሳይነቅሉ ማበላለጥ ለሚፈልግ፦ በልጆች መካከል በኑዛዜ የተደረገ ክፍፍል ውስጥ አንዱ ከሕጋዊ ድርሻው ሦስት አራተኛ በታች ከደረሰው ክፍፍሉን መቃወም ይችላል። መዝገብ ቤት ባነሣው ምሳሌ ድርሻው 1 ሚሊዮን ነበረ፤ 750 ሺህ የደረሰው ልጅ በዚህ ምክንያት መክሰስ አይችልም፣ 600 ሺህ የደረሰው ግን ይችላል። ስለዚህ ንብረቱን ሳያስገምቱ «ለእሷ ቤቱ፣ ለእሱ መኪናው» ብሎ መጻፍ ክስ መጥራት ነው። መኪና ይረክሳል፣ ቤት ይወደዳል።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ኑዛዜን ሳይጠበቅ ይነካሉ። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ከተወለደና ውርሱን ከተቀበለ የኑዛዜ ስጦታዎቹ ይወድቃሉ፤ ፍርድ ቤት በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጸናቸው ይችላል፣ ግን እሱን መጠበቅ ነው። ለባል ወይም ለሚስት የተናዘዙት በፍቺ ቀሪ ይሆናል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል ነው፤ አባትነቱ ከተረጋገጠ ድርሻውን ማንም አይከለክለውም። ቤተሰቡ የማያውቀው ልጅ ካለ አባትየው በሕይወት እያለ ቢያሳውቅ የተሻለ ነው።

---

ሒሳብ_ሹም

ስለ ቤት ብቻ ስታወሩ ሌላው ተረሳ።

ባንክ፦ ባለሒሳቡ መሞቱን ባንኩ እንዳወቀ ሒሳቡ ይዘጋል። የሚከፈተው የወራሽነት ማስረጃ ይዞ ለሚመጣ ነው። «ውክልና አለኝ» የሚል ልጅ አይሰማም፤ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ከሞት በኋላ በኤቲኤም ካርድ የወጣ ገንዘብ በኋላ ሌሎች ወራሾች የሚጠይቁት ነው፣ ለቀብርም ቢሆን ደረሰኝ ያዙ። የቀብር ወጪ ከውርሱ መጀመሪያ ከሚከፈሉት ነውና ደረሰኝ ያለው ይመለስለታል።

ጡረታ፦ በኑዛዜ አይተላለፍም። ለተተኪዎች የሚከፈለው በጡረታ አዋጁ ነው፦ ለሚስት ወይም ለባል፣ ለልጆች፣ በሟች ይረዱ ለነበሩ ወላጆች። ስለዚህ ኑዛዜው ላይ ጡረታዬን ለእገሌ ማለት ቀለም ማባከን ነው።

የሕይወት መድን፦ ተጠቃሚው በስም ተጽፎ ከሆነ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ አይገባም፣ ቀጥታ ለእሱ ይከፈላል። «ለወራሾቼ» ተብሎ ከተተወ ግን ወደ ውርሱ ገብቶ የሟቹ አበዳሪም ይጠይቀዋል። ውሉን አውጥታችሁ ተጠቃሚ የሚለውን መስመር አንብቡ፤ የቀድሞ ባል ስም እዚያ ላይ የቀረበት ሁኔታ አለ።

የቀበሌ ቤት፦ የመንግሥት ነው። ተከራዩ የሚናዘዘው ነገር የለም፤ አብረው የሚኖሩት ቤተሰቦች የኪራይ ውሉን ጉዳይ ከቤቶች አስተዳደር ጋር ነው የሚነጋገሩት።

ዕድር የሚከፍለው ገንዘብ በመተዳደሪያ ደንቡ ለተጻፈው ሰው ነው። ዕቁብ ደግሞ፣ ሟቹ ዕጣውን ቀድሞ ወስዶ ከሆነ የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰብሳቢው ብቻ ነው፣ ቤተሰቡ አይነገረውም።

---

ፈራኢድ

አሰላሙ ዓለይኩም። ለሙስሊሞች፦ ሟቹ ሙስሊም ከሆነና ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ጉዳዩ በአዋጅ 188/1992 መሠረት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። አንዱ ወገን ካልፈቀደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሸሪዓ ልጆች ካሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ከሌሉ አንድ አራተኛ ትወርሳለች፤ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ያገኛል። ወሲያ (በሸሪዓ የሚደረግ ኑዛዜ) ከንብረቱ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፣ ሌሎች ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይሆንም። ስለዚህ ከላይ «ሚስት ካልተናዘዙላት አትወርስም» የተባለው እዚህ አይሠራም። አውራሹ የትኛውን መንገድ እንደሚፈልግ በሕይወት እያለ ለልጆቹ ይንገር፤ ከሞተ በኋላ ምርጫው በእጃቸው ነው፣ እያንዳንዱም የሚበልጥለትን ይመርጣል።

---

ወረዳ_በር

የወራሽነት ማስረጃ አወጣጡን ጠቅለል ላድርግ፣ አዲስ አበባ ላይ ነው የማውቀው።

ከወረዳው ወሳኝ ኩነት የሞት ምስክር ወረቀት ታወጣላችሁ። የዝምድና ማስረጃ ትይዛላችሁ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ከሌለ በምስክር የሚረጋገጥ። ማመልከቻው ላይ ሟቹ መቼና የት እንደሞተ፣ ኑዛዜ ትቶ እንደሆነ፣ ወራሾቹ ሁሉ በስም ይዘረዘራሉ፤ ቃለ መሃላ ይያያዛል። ምስክሮች ይሰማሉ፣ ብዙውን ጊዜ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ ይደረጋል። ክርክር ከሌለበት የከተማው ፍርድ ቤት ማስረጃውን ይሰጣል። አንድ ወራሽ ተደብቆ የወጣ ማስረጃ በኋላ ይሰረዛል፣ ከዚያ ላይ የተሠራው ስም ማዞርም ይናጋል። ስለዚህ «እሱ ውጭ ነው፣ ይቅር» አትበሉ።

ወር የሚያስፈጀው ግን ፍርድ ቤቱ አይደለም፣ ስም ነው። ካርታው ላይ «ወርቅነሽ»፣ መታወቂያው ላይ «ወርቄ»፣ የልጁ የልደት ካርድ ላይ የእናት ስም የክርስትና ስሟ። ውጭ የተወለዱ ልጆች ፓስፖርት ላይ ደግሞ የአያት ስም ቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባና የአባት ስም ይጠፋል። ወላጆች በሕይወት እያሉ ካርታውን፣ መታወቂያውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንና የልጆቹን ልደት ጎን ለጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ያልገጠመውን ዛሬ ማስተካከል ባለቤቱ በአካል ቀርቦ ፊርማውን የሚያኖርበት ሥራ ነው፤ ከሞተ በኋላ መዝገብ ከፍቶ በምስክር ማስረዳት ነው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ውጭ ያለን ወራሾች ላይ ሦስት ነገር።

ውክልናው፦ «በስሜ ማናቸውንም ጉዳይ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም። በሕጉ ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት፣ ውርስ ማጣራት፣ መካፈል፣ ስም ማዞር፣ መሸጥ፣ ገንዘብ መቀበል፣ ክስ ማቅረብና መልስ መስጠት እያንዳንዱ ይጻፍ። ቤቱ እንዲሸጥ ካልፈለጋችሁ መሸጥ የሚለውን ቃል አውጡት፤ ወኪል ለተባለ ወንድም ሙሉ ሥልጣን መስጠት ግዴታ አይደለም።

ዜግነት፦ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በመርህ የተከለከለ ነበር (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 390)። በአዋጅ 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ግን ይችላል። ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ይህንን ያወጣል። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችሁን ከአሁኑ አውጡላቸው። አያት ከሞቱ በኋላ ማስረጃ መፈለግ ከባድ ነው።

የአሜሪካ ግብር፦ ኢትዮጵያ ከሞቱ ወላጆች የወረሳችሁት ላይ የምትከፍሉት የለም፤ ግን በዓመቱ ከ100,000 ዶላር በላይ ከሆነ ፎርም 3520 ለአይ አር ኤስ (ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) መሞላት አለበት። ጊዜው ከግብር ማስታወቂያው ጋር አንድ ነው። ቅጣቱ በየወሩ 5 በመቶ እየሆነ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፣ ያውም ግብር ባልነበረበት ነገር ላይ። የተወረሰ ቤት መነሻ ዋጋ ወላጅ በሞተበት ቀን ያለው ግምት ነው፤ በስጦታ የተሰጠ ግን ወላጅ የገዛበት ዋጋ ይከተለዋል። በ1980ዎቹ በጥቂት ሺህ ብር የተሠራ ቤት ሲሸጥ ልዩነቱን አስቡት። ስለዚህ በሞቱበት ሰሞን የግምት ሪፖርት አሠርታችሁ ያዙ፣ ምንዛሪውንም የዚያን ቀን።

---

ጀማሪ_ጠያቂ

አንድ የመጨረሻ። አባት ከሞቱ በኋላ አንዱ ልጅ ቤቱ ውስጥ እየኖረ «አልወጣም፣ አልካፈልም» ቢልስ?

---

መዝገብ_ቤት

ማንም ወራሽ ክፍፍል በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ቤቱ በዓይነት የሚከፈል ካልሆነ በስምምነት አንዱ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍሎ ይወስደዋል፣ ካልተስማሙ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። የሐራጅ ዋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ይወርዳል፤ ውስጥ ያለው ልጅም ሆነ ውጭ ያለው ይህን ካወቀ ይስማማል።

ጊዜው ላይ ግን አትተኙ። የወራሽነት ጥያቄ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በ3 ዓመት ይታገዳል፤ በምንም ሁኔታ ከ15 ዓመት አያልፍም፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር። «ወንድሜ ነው፣ ይሁን» ብሎ ዓመታት ያሳለፈ ሰው የይርጋ (ጊዜው አልፏል የሚል) መቃወሚያ ይቀርብበታል። መክሰስ ባትፈልጉም ሁላችሁም በስም የተጻፋችሁበትን የወራሽነት ማስረጃ አሁኑኑ አውጡ፣ ኪራይ ካለም ድርሻችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ልጁ አካለ መጠን ካልደረሰ ድርሻውን ሞግዚቱ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚገዛ ሰውም ያንን ፈቃድ ሳያይ ብር አይቁጠር።